ቀትር ላይ ምንቃሩን የከፈተ ወፍ

ወፍ ለማየትም ሆነ የዱር እንስሳትን ፎቶ ለማንሳት ለሚነሣ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ሥራችሁን ጨርሱ፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ ጥላ ሥር ዕረፉ። ምክሩ መሠረት አለው። በማለዳ ወፎች ይዘምራሉ፣ ሌሊቱን የከሳ ሰውነታቸውን ለመመለስ ሲሉ በግልጽ ቦታ ይመገባሉ፤ ብርሃኑ ለዓይንም ለካሜራም ይመቻል፤ አየሩም የረጋ ነው። ስንት ዓይነት ወፍ በአንድ ቦታ እንዳለ መቁጠር የሚፈልግ ሰው ከማለዳ የተሻለ ሰዓት አያገኝም። እኔ ዛሬ የምከራከረው ግን ስለሌላው ሰዓት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ መሬቱ ግሎ፣ ንፋሱ አቧራ እያነሳ ስለሚነፍስበት ቀትር። ማለዳ የሚያሳየን ወፉ ሲመቸው እንዴት እንደሚኖር ነው። ሲከፋው በምን ዘዴ እንደሚተርፍ፣ የመትረፉም ዳርቻ የት ላይ እንደሆነ የሚታየው በቀትር ነው። አገሩ እየሞቀ በሄደበት በዚህ ዘመን ደግሞ ስለ አንድ ወፍ ልናውቀው ከሚገባን ሁሉ የሚቀድመው ይኸኛው ይመስለኛል። ስለዚህ ሞቃትና ንፋሳም ቀን ለተመልካች የባከነ ቀን አይደለም እላለሁ፤ የሚፈለገው ነገር ግን ከማለዳው ይለያል።

ነገሩን ከወፉ ሰውነት እንጀምር። ወፍ የላብ ዕጢ የለውም። የሰውነቱ ሙቀት እንደየዓይነቱ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ከእኛ ይበልጣል፤ ከዚያ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢጨምር ለሞት ይዳረጋል። ስለዚህ ሙቀት ሲበረታ ውኃን ከሰውነቱ በትነት እያስወጣ መቀዝቀዝ አለበት። ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል፤ ፔሊካንና ኮርሞራንት የመሳሰሉት ደግሞ የጉሮሯቸውን ቆዳ በፍጥነት ያርገበግባሉ። ክንፉን ከጎኑ ለቀቅ አድርጎ በብብቱ በኩል ንፋስ ያስገባል፣ ላባው አነስ ባለበት በእግሩ በኩል ሙቀት ያስወጣል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲራገፍ የምታዩትን አባ ኮዳ አስቡት። እግሩ ኖራ የተቀባ ያህል ነጭ ነው፤ ቆዳው ግን ጠቆር ያለ ነው። ነጩ ነገር የራሱ ኩስ ነው፤ ሲሞቀው ፈሳሽ ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል፣ ፈሳሹ ሲተን እግሩን፣ በእግሩ ውስጥ የሚመላለሰውንም ደም ያቀዘቅዝለታል። ብዙ ሰው ይህን ዐይቶ ወፉን ቆሻሻ ይለዋል። የሚያየው ግን ሰውነቱን በሕይወት ለማቆየት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው፤ ይህ ደግሞ በቀዝቃዛ ማለዳ በሥራ ላይ እያለ አይታይም።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። ያለከለከ ወፍ ውኃ ያጣል። ጥላ ሥር የተጠለለ ወፍ ምግብ የሚገኝበትን ግልጽ ሜዳ ትቶ ነው። ምንቃሩን ከፍቶ የሚያለከልክ ወፍ በዚያው ምንቃር ነፍሳት ለመልቀም ይቸገራል። በደቡባዊ አፍሪካ በካላሃሪ በረሃ ባብለር በተባሉ ወፎች ላይ ተካሂዶ በ2012 የታተመ ጥናት ይህን ዋጋ በሚዛን ለክቶታል፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ልብ በሉልኝ። ተመራማሪዎቹ ወፎቹን ሚዛን ላይ መቆምን አለማመዷቸው፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ35.5 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ ወፎቹ ሌሊት የሚያጡትን ክብደት የሚተካ ያህል ቀን መብላት እንዳልቻሉ ደረሱበት። ወፎቹ በሙቀቱ ወድቀው አልሞቱም። በልተው ማደራቸው ግን ከሰውነታቸው ፍላጎት በታች ወረደ። እንዲህ ያለ ቀን በተከታታይ ሲደጋገም ጫጩት ማሳደግም፣ የራስን ሕይወት ማቆየትም አስቸጋሪ ይሆናል። ይህን ጉዳት በማለዳ የሚወጣ ተመልካች ሊያየው አይችልም፤ በማለዳ ሁሉም ወፍ ይበላልና።

ከዚህ ሁሉ ማስረጃ ለእኛ የሚቀርበው ከቦረና ነው። በያቤሎ፣ በሜጋና በአረሮ አካባቢ ባለ ጠባብ መሬት ላይ ብቻ የሚኖር፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ፣ ግራጫ ሰውነትና በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ወፍ አለ፤ የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ እንበለው። ጣሊያናዊው የወፍ ተመራማሪ ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 ለሳይንስ ካስተዋወቀው ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያስቸግር ኖሯል። ወፉ የሚኖርበት የግራርና የግጦሽ መሬት ከክልሉ ውጭም ይቀጥላል፤ በመካከል የሚያግደው ተራራም ባሕርም የለም። ታዲያ ለምን አያልፍም? በ2012 የወጣ ጥናት የወፉ ድንበር ከሙቀት ጋር እንደሚገጥም አሳየ፤ ወፉ የሚገኝበት ቦታ በዙሪያው ካለው ይቀዘቅዛል፣ አማካይ ሙቀቱም ከ20 ዲግሪ በታች ነው። ይህ ግን የካርታ ማስረጃ ነበር። ወፉን በርግጥ የሚያግደው ሙቀቱ ነው ለማለት ወፉ ሲሞቀው ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልግ ነበር። በ2019 የታተመው ቀጣዩ ጥናት የሠራው ይህንኑ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ወፉን እየተከታተሉ በምን ያህል ሙቀት ማለክለክ እንደሚጀምርና ወደ ጥላ እንደሚገባ መዘገቡ፣ በዚያው መሬት አብረውት ከሚመገቡ፣ ግን ሰፊ አገር ከሚያካልሉ ስታርሊንግ ከተባሉ ወፎች ጋር አነጻጸሩት። የቁጥቋጦው ቁራ ከጎረቤቶቹ ባነሰ ሙቀት ማለክለክ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ስሌት እንደሚያመለክተው የአየር ንብረቱ በዚሁ ከቀጠለ ወፉ እስከ 2070 ድረስ ከሚመቸው መሬት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንድታስተውሉት የምፈልገው የመሣሪያውን ቀላልነት ነው። ቁልፉ ግኝት የመጣው ወፍን በሙቀት ሰዓት ከማየት ነው፤ ምንቃሩ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል፣ ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ ሥር፣ ይመገባል ወይስ ቆሟል። ዓይን፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽር፣ ቴርሞሜትርና ማስታወሻ ደብተር ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ስለ ጋጋኖም፣ ስለ ቆቅም፣ ስለ ጅግራም ሊጠይቅ ይችላል። ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ያለባት አገር ናት፤ ከእነዚህ በአብዛኞቹ ላይ ማንም እንዲህ ያለ ምልከታ አላደረገም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቆላ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች በየትኛው ሰዓት የትኛው ወፍ የትኛው ግራር ሥር እንደሚገባ ከማንኛውም ጎብኚ በተሻለ ያውቃሉ፤ የጎደለው ያንን ዕውቀት ከቀንና ከሙቀት ልኬት ጋር በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ይነሣል። ወፉ በሙቀት ተጨንቆ ባለበት ሰዓት ካሜራ ይዞ መቅረብ ጭካኔ አይሆንም ወይ? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በችኮላ የሚመለስም አይደለም። በጋምቤላ ባሮ ወንዝ ዳር በአሸዋ ላይ የምትፈለፍል፣ የግብፅ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ሐዌል እዚያው ጋምቤላ አጥንቷት በ1979 ያሳተመው ሥራ እስካሁን ይጠቀሳል። ወፏ እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። አሸዋው ጽንሱን ሊገድል በሚችል መጠን ሲግል ወደ ወንዙ እየተመላለሰች የሆዷን ላባ በውኃ ታርሳለች፣ ተመልሳም እንቁላሉ በተቀበረበት ላይ ተቀምጣ አሸዋውን ታቀዘቅዛለች። የተፈለፈሉ ጫጩቶችንም እንዲሁ በአሸዋ ሸፍና ታረጥባቸዋለች። በአዋሽና በአፋር ቆላ የሚኖረው፣ ርግብ የሚመስለው ሳንድግራውስም ተመሳሳይ ጥበብ አለው፤ አባትየው የሆድ ላባውን እንደ ስፖንጅ ውኃ አስመጥጦ ርቆ ለሚጠብቁት ጫጩቶች ይወስዳል። ሚድ ዋልዶ የተባለ እንግሊዛዊ በቤቱ ካረባቸው ወፎች ላይ ይህን ዐይቶ በ1896 ቢጽፍም ለ70 ዓመት ያህል ብዙዎች ሊያምኑት አልፈለጉም፤ በ1967 ኬድና ማክሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው በካላሃሪ አረጋግጠው ክርክሩን የዘጉት። እንግዲህ አንድ ፎቶ አንሺ በእኩለ ቀን በባሮ አሸዋ ላይ ለግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ፣ ወይም በአዋሽ ሜዳ ብቸኛዋ ኩሬ ዳር ቢያደፍጥ ምን እንደሚከተል ግልጽ ነው። ወላጇ አትመለስም፣ እንቁላሉ ይቀቀላል፤ ውኃ ፍለጋ የመጣው ወፍ ሳይጠጣ፣ የሆድ ላባውንም ሳያረጥብ ይመለሳል።

ስለዚህ ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ ግማሹ መስማማት ነው። በሙቀት ሰዓት ወደ ጎጆ መቅረብ፣ ውኃ ዳር መቀመጥ፣ ከጥላ የተጠለለን ወፍ ለተሻለ ፎቶ ብሎ ማስነሣት መቅረት አለበት፤ ለዚህ ምንም ሰበብ አልቀበልም። በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ላይ ፔሊካኖች ሲፈለፍሉ ወላጆቹ በጀልባ ድምፅ ደንግጠው ቢነሡ ላባ ያላወጡት ጫጩቶች ለፀሐይ ይጋለጣሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ወደዚያች ደሴት መሄድ የለብንም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ በቀትር ጨርሶ አንመልከት ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ያላየነው ጉዳት የሌለ ይመስለናል፤ ፓርክ የሚያስተዳድረውም፣ ጀልባ የሚያከራየውም፣ ጎብኚ የሚመራውም ሰው በየትኛው ሰዓት ከየትኛው ቦታ መራቅ እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ያንን ሰዓት ሲመለከት ነው። ሐዌል ባይመለከት ኖሮ በቀትር ባዶ የሚመስለው የባሮ አሸዋ ጎጆ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? መለኪያው ርቀት ነው፤ ወፉ በእኛ ምክንያት አንገቱን ካቀና፣ መመገብ ካቆመ ወይም ከጥላው ከወጣ ቀርበናል ማለት ነው፣ ወደኋላ መመለስ ነው።

መሬት ላይ ያለው ወፍ ሲጠለል ሰማይ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ እዚህ ላይ በቀትር ወፍ የለም የሚለው ክርክር ጨርሶ ይወድቃል። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከመሬቱ ጋር የተነካካው አየር ሞቆ ይቀልላል፣ እየተጠቀለለም ወደ ላይ ይወጣል። ጥንብ አንሳ፣ ንስር፣ አባ ኮዳና ፔሊካን ይህን የአየር ዓምድ ይጠብቃሉ። ክብደታቸው በክንፍ ምት ብቻ ረጅም መንገድ አያስኬዳቸውም፤ ስለዚህ ዓምዱ ውስጥ ገብተው ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ይወጣሉ፣ ከላይ ደግሞ ወደሚቀጥለው ዓምድ ይንሸራተታሉ። ጥንብ አንሳ በማለዳ ቋጥኝ ላይ ተኮራምቶ የሚታየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ መሬቱ እስኪሞቅ ነው የሚጠብቀው። ስሙ ከጀርመናዊው ተጓዥ ከሩፔል የተወሰደው ጥንብ አንሳ በ1973 በኮትዲቯር አቢጃን ሰማይ ላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፤ ወፍ በርግጠኝነት የታወቀበት ከፍተኛው ከፍታ ይኸው ነው። ይህ ወፍ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል፤ እኛ አገር ግን አሁንም በገደላችን ያድራል። በሰማይ ሲዞር ቆጥሮ መመዝገብ የሚቻለው በቀኑ ሙቀት ነው።

የፔሊካኖቹ ነገር ደግሞ አየርን፣ ውኃንና የሰውን ሥራ አንድ ላይ ያገናኛል። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚያልፍ፣ ዓሣ ግን እምብዛም የሌለበት ሐይቅ ነው። ፔሊካኖቹ በደሴቱ ላይ የሚፈለፍሉት ከሰውና ከአውሬ ስለሚርቁ ነው፤ ምግባቸውን የሚፈልጉት በጎረቤቱ አቢያታ ነበር። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን በ1969 ባሳተሙት ጥናት ይህን የሁለት ሐይቅ ኑሮ ገልጸውታል። ከዚያ በኋላ አቢያታ ውኃው እየሸሸ፣ ጨዋማነቱ እየጨመረ ሄደ፤ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ለመስኖ መጠለፋቸውና የሶዳ አመድ ማምረቱ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኑ እስከ ዝዋይ ድረስ ለመብረር ተገደደ። 10 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሊመዝን የሚችል ወፍ ይህን መንገድ የሚሄደው በሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው። እንግዲህ በስምጥ ሸለቆ ሰማይ በቀትር ነጭ ሆነው በሰልፍ ሲዞሩ የምታዩአቸው ፔሊካኖች የአንድ ሐይቅን መድረቅ በክንፋቸው የሚከፍሉ ናቸው።

በመጸውም እንዲሁ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች ባሕር ላይ ሞቃት የአየር ዓምድ ስለማያገኙ ቀይ ባሕርን በጠባቡ በኩል፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በባብ ኤል መንደብ ያቋርጣሉ። በ1987 በጅቡቲ በኩል በአንድ ወቅት ብቻ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ተቆጥረዋል። ቀጣዩ መሬታቸው የእኛ ነው፤ የሚጓዙትም መሬቱ በሞቀበት ሰዓት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በምሥራቅ ቆላ ቀና ብሎ ለመመልከት የሚነሣ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቢጀምር አይዘገይም።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ፎቶ አንሺዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ሁለት ፈርጅ አለው፤ አየሩ ይርገበገባል፣ ብርሃኑም ይከፋል። ሁለቱም እውነት ነው። ብርሃን ከቀዝቃዛ አየር ወደ ሞቃት አየር ሲያልፍ መንገዱ በጥቂቱ ይታጠፋል። በጋለ መሬት ላይ የተለያየ ሙቀት ያላቸው የአየር ቁርጥራጮች ያለማቋረጥ ስለሚቀላቀሉ ከሩቅ ወፍ የሚመጣው ብርሃን በመንገዱ ላይ ሺህ ጊዜ ይታጠፋል፤ የወፉ ዳርቻ ይሟሟል፣ ካሜራውም ፎከሱን ያጣል። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ትልቅ ሌንስ ይመስለዋል። ትልቅ ሌንስ ግን ወፉን ሲያጎላ በመካከል ያለውን የአየር ብጥብጥም አብሮ ያጎላል፤ በዚህ ሰዓት ውድ ሌንስ የገዛና ያልገዛ ሰው ልዩነታቸው ይጠባል። ፈጣን ሹተርም አያድንም፤ የተበላሸውን ምስል በዚያች ቅጽበት አስቁሞ ይይዘዋል እንጂ አያስተካክለውም። የሚያድነው የአየሩን መንገድ ማሳጠርና መምረጥ ነው። ብጥብጡ የሚብሰው ከመሬት ጥቂት ከፍታ ላይ ስለሆነ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ሜዳ ላይ ካለው፣ ሰማይ ላይ ያለውም ከሁለቱ ይሻላል። በአስፋልትና በራቁት አፈር ላይ ከማንሳት በሣር ላይ ማንሳት ይመረጣል። የመኪናው ሞተር እየሠራ፣ ወይም ውስጡ ቀዝቅዞ ውጭው ግሎ በመስኮት ማንሳትም ብጥብጡን ከአፍንጫችን ሥር ይፈጥረዋል፤ ሞተሩን ማጥፋት፣ መስኮቱን ከፍቶ አየሩ እስኪስተካከል መቆየት ያስፈልጋል። ንፋስ ሲበረታ የሞቀውን አየር ስለሚበትነው ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ የሚጠራበት ጊዜ አለ፤ ደጋግሞ አንስቶ ኋላ መምረጥ ያዋጣል።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የቀትር ፀሐይ ከላይ ስለምትመታ የወፉ ጀርባ ይነጣል፣ ሆዱና ዓይኑ ይጨልማል። ሳቢሳን ወይም ፔሊካንን የሚያነሳ ሰው ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን ቀነስ ካላደረገ ነጩ ላባ ባዶ ወረቀት ይሆንበታል። ነገር ግን መሬቱ ራሱ ነጣ ያለ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የአቢያታ ነጭ የሶዳ ዳርቻ፣ የወንዝ አሸዋ፣ በበጋ የደረቀ የሣር ሜዳ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳሉ፤ በላያቸው የሚያልፍ ወፍ ከክንፉ ሥር በለስላሳ ብርሃን ይበራል። ብዙ ጊዜ ጥላ ውስጥ የሚቀረው የንስር የክንፍ ሥር ቀለም፣ የዓይነት መለያው የሆነው ያ ምልክት፣ በዚህ ሰዓት ይነበባል። ለመለየት የሚጠቅም ፎቶና ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ እኔ ለመጀመሪያው የበለጠ ክብር እሰጣለሁ።

ንፋሱ ደግሞ ከፀሐይዋ ይልቅ የመቆሚያ ቦታችንን ይወስናል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጀርባችንን የምንሰጣት አቅጣጫ የለም። ወፍ ግን ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ንፋስ ያዞራል፤ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥም ላባው እንዳይገለበጥ ወደ ንፋስ ይመለከታል። ንፋሱ ከኋላችን ቢነፍስ ወፉ ወደ እኛ ፊቱን ሰጥቶ ያርፋል። ንፋስን ተቃርኖ የሚበር ወፍ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ለማንሳትም ለማየትም ይመቻል፤ ጭልፊት አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያድን በክንፉ ጫፍና በጭራው የሚያደርገውን ጥቃቅን ማስተካከያ በረጋ ቀን እንዲህ ጎልቶ አናየውም። ለአጥቢ እንስሳት ግን ሕጉ ይገለበጣል። በሰንቀሌ ቆርኬን፣ በአዋሽ ሳላን ለማየት የሚሄድ ሰው ንፋሱ ወደ ፊቱ እንዲነፍስ መቆም አለበት፤ አለዚያ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል። ንፋስ ድምፅን ስለሚውጥ እንስሳቱ በንፋሳም ቀን ይበልጥ ይደነግጣሉ፤ ርቀቱን መጨመር ይገባል። ካሜራውን ለማርጋት ትራይፖዱን ዝቅ አድርጎ ቦርሳን ከሥሩ ማንጠልጠል፣ ለሚበር ወፍም የሰከንድ 1/2000 አካባቢ ሹተር መጠቀም ይበጃል። አቧራ ሲነሣ ሌንስ አለመቀየር፣ ካሜራን በተዘጋ መኪና ውስጥ ለፀሐይ አለመተው፤ ይህን ያህል ይበቃል።

የተመልካቹን ጤና የሚያነሡም አሉ፤ ትክክል ናቸው። በቀትር መዞር አያስፈልግም፣ መዞር ጥሩ ምልከታም አይደለም። ከግራር ጥላ ወይም ከቤት በረንዳ ሥር በቂ ውኃ ይዞ፣ ኮፍያ አድርጎ መቀመጥ፣ ከዚያም አንድ ዛፍን ወይም አንድ የሐይቅ ዳርቻን ለአንድ ሰዓት መከታተል ነው። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና የልብ ሕመም ያለባቸው በዚህ ሰዓት ባይወጡ ይሻላል። ራስ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ደብተሩን ዘግቶ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይሂድ።

ለሚቀመጥ ሰው ሥራው ቀላል ነው። የወፉን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ በጥላ ሥር የተለካውን የአየር ሙቀት፣ የንፋሱን ብርታት ይጻፍ፤ ከዚያ ምንቃሩ ክፍት ነው ወይ፣ ፀሐይ ላይ ነው ወይ፣ ይመገባል ወይ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በየ10 ደቂቃው ይመልስ። ምንም አልተንቀሳቀሰም የሚለውም መልስ ነው፤ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ዝርዝሩን ከመላው ዓለም ምልከታ በሚሰበስበው ኢበርድ በተባለው መዝገብ፣ በአስተያየት መስጫው ላይ ማስፈር ይቻላል። ፎቶው የተርገበገበ፣ ብርሃኑም የከፋ ቢሆን እንኳ ምንቃሩ መከፈቱ ከታየበትና የተነሣበት ሰዓት ከታወቀ ማስረጃ ነው፤ ዲጂታል ካሜራ ሰዓቱን ከምስሉ ጋር ራሱ ይመዘግባልና። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የካሜራችሁን ቀንና ሰዓት ከእጅ ስልካችሁ ጋር አስተያዩ፤ ብዙ ካሜራ በኢትዮጵያ ሰዓት ወይም በሌላ አገር ሰዓት ተሞልቶ ስለሚቆይ የቀኑ 7 ሰዓት ምልከታ ከሌላ ሰዓት ምልከታ ጋር ይደባለቃል። በደብተራችሁም ጥግ ላይ የቱን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።